መንጋጋ ሲዛነፍ ድምፅ ይዛነፋልን?

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ከአንዲት እናት የደረሰንን ደብዳቤ መነሻ ያደረገ ነው። እኒህ እናት የጻፉልን ከደሴ ሲሆን፣ የደብዳቤያቸው ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው።

የአሥር ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። ልጅቱ መድረሳ ገብታ መቅራት ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። የታችኛው መንጋጋዋ ወደ ኋላ ገባ ያለ፣ የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ወደ ፊት የወጡ ናቸው። ጥርሷን ስትነክስም ከፊት የላይና የታቹ አይገናኙም። "ሲን" የምትለዋን ፊደል ስታወጣ ምላሷ በዚያ ክፍተት ወጣ ስለሚል ድምፁ ይበላሽባታል። አንድ ቀን መምህሯ ችግሩን ስንፍና መስሏቸው ያችኑ ፊደል በልጆች ፊት ደጋግማ እንድትል አደረጓት። ልጆቹም አስመስለው ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች እንጂ ድምፅ አታወጣም። እናትየው ደብዳቤያቸውን የጨረሱት እንዲህ በማለት ነው። "ድሮ ወጥ ስሠራ ከጎኔ ቁጭ ብላ ስትቀራ እሰማት ነበር፤ አሁን ግን ቤቱ ጸጥ ብሏል። ለመሆኑ የተበላሸው ድምጿ ነው ወይስ አፏ? መድኃኒትስ አለው?"

ጥያቄው የእኒህ እናት ብቻ ባለመሆኑ ሰፋ አድርገን ልናየው ወደድን። መልሱን በአጭሩ አስቀድመን እንናገር። የልጅቱ ድምፅ አልተበላሸም። የተዛነፈው ድምፁ የሚያልፍበት በር ነው። ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ ቢታይም ለወላጅም፣ ለመምህርም፣ ለልጅቱም ብዙ ነገር ይለውጣል። እንዴት እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

ድምፅ ከየት ይነሳል? ፊደልስ የት ይሠራል?

ብዙዎቻችን ከአፋችን የሚወጣው ሁሉ ጉሮሮ ውስጥ ተሠርቶ ያለቀ ይመስለናል። ነገሩ ግን በሁለት ደረጃ የሚከናወን ነው። በመጀመሪያ ከሳንባ የሚመጣው አየር በማንቁርት ውስጥ በሚገኙት ሁለት የድምፅ አውታሮች መካከል ሲያልፍ ያርገበግባቸዋል። በአዋቂ ወንድ በአንድ ሴኮንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ ያህል፣ በሴት 200 ጊዜ ያህል፣ በልጆች ደግሞ ከዚያም በላይ ይርገበገባሉ። የድምፅ መቅጠንና መወፈር የሚመጣው ከዚህ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጥሬ ድምፅ ገና ፊደል አይደለም። "ኢ" ወይም "ኣ" ወይም "ኡ" የሚሆነው በጉሮሮና በአፍ ውስጥ ባለው ባዶ ቦታ ሲያልፍ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግም። አንባቢያችን አሁኑኑ በሹክሹክታ "ኢ፣ ኣ፣ ኡ" ይበሉ። በሹክሹክታ ጊዜ የድምፅ አውታሮች አይርገበገቡም፤ ሦስቱ ድምፆች ግን ጥርት ብለው ይለያሉ። እንግዲያውስ አናባቢን አናባቢ የሚያደርገው የአፍ ውስጥ ቅርፅ ነው ማለት ነው።

ቅርፅ እንዴት ድምፅን ይለውጣል ለሚለው ደግሞ ቦኖ ውኃ ላይ ቆሞ ጀሪካን ያስሞላ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። ጀሪካኑ ባዶ ሳለ የውኃው ድምፅ ወፍራም ነው። ውኃው ከፍ እያለ፣ የአየሩ ቦታ እያነሰ ሲሄድ ድምፁ እየቀጠነ ይመጣል። ሳናይ በጆሯችን ብቻ "ሊሞላ ነው" እንላለን። ውኃው ያው ውኃ፣ ቧንቧው ያው ቧንቧ ነው። የተለወጠው የባዶው ቦታ መጠን ነው። አፋችንም እንዲሁ ነው። ምላስ፣ ከንፈርና መንጋጋ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ባዶው ቦታ ቅርፁን ይለውጣል፣ የሚያጎላው ድምፅም አብሮ ይለወጣል።

በአዋቂ ወንድ ከድምፅ አውታር እስከ ከንፈር ያለው መንገድ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህን ያህል ርዝመት ያለውና በአንድ ጫፉ የተዘጋ ቱቦ በሴኮንድ 500፣ 1500 እና 2500 ጊዜ አካባቢ የሚርገበገቡትን ድምፆች ለይቶ ያጎላል። ይህ በሴኮንድ የሚቆጠር እርግብግብታ "ኸርዝ" በሚባል መለኪያ ይገለጻል። ተለይተው የሚጎሉትን ድምፆች ደግሞ የድምፅ ምሁራን "ፎርማንት" ይሏቸዋል። ቺባና ካጂያማ የተባሉ ጃፓናውያን በ1941፣ ስዊድናዊው ጉናር ፋንት ደግሞ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው መጻሕፍት ይህን አሠራር በስሌት አሳይተዋል። ጆሯችን አናባቢዎችን የሚለየው በይበልጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ፎርማንቶች ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 76 ሰዎች እንዲናገሩ ተደርጎ በተደረገ ልኬት፣ በወንዶች አፍ "ኢ" መሰሉ ድምፅ 270 እና 2290 ኸርዝ፣ "ኣ" መሰሉ 730 እና 1090 ኸርዝ፣ "ኡ" መሰሉ ደግሞ 300 እና 870 ኸርዝ ያህል አማካይ ውጤት ሰጥተዋል። የሴቶችና የልጆች የድምፅ መንገድ አጠር ስለሚል ቁጥሮቹ ከፍ ይላሉ።

የመንጋጋ ድርሻ

የእጅዎን ጀርባ ከአገጭዎ ሥር ያድርጉና ቀስ ብለው "ቢ፣ ቤ፣ ባ" ይበሉ። አገጭዎ ደረጃ በደረጃ እጅዎን ወደ ታች ሲገፋው ይሰማዎታል። መንጋጋ ዝቅ ሲል የአፍ የፊት ክፍል ይሰፋል፣ የመጀመሪያው ፎርማንትም ከፍ ይላል። ከላይ የጠቀስነው ከ270 ወደ 730 የተደረገ ዝላይ አብዛኛው ምክንያቱ የአፍ መከፈት ነው። ሁለተኛው ፎርማንት ግን የምላስ ጉዳይ ነው። ምላስ ወደ ፊት ሲመጣ ይጨምራል፣ ወደ ኋላ ሲሸሽና ከንፈር ሲሞጠሙጥ ይቀንሳል። ምላስ ደግሞ የሚቀመጠው በታችኛው መንጋጋ ላይ ነው። ስለዚህ መንጋጋ የሚንቀሳቀስ ወለል፣ ምላስ በዚያ ወለል ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ ነው ብንል አንሳሳትም።

በአማርኛችን አናባቢ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ለማየት ጥር፣ ጦር፣ ጣር እና ጡር የሚሉትን አራት ቃላት እንውሰድ። ተነባቢዎቹ አንድ ናቸው። የለያያቸው በመካከል የገባው የአፍ ቅርፅ ብቻ ነው። በቂርኣትም ነገሩ ከዚህ የጠበቀ ነው። አንዲት ሐረካ ስትለወጥ "አንተ" የነበረው "እኔ" ሊሆን እንደሚችል ፋቲሓን ያስተማረ ኡስታዝ ሁሉ ያውቃል።

የሐረካዎች ስም ራሱ ከአፍ እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ መሆኑን ልብ ያሏል? በ69 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት አቡል አስወድ አድ-ዱአሊ ለጸሐፊያቸው የሰጡት ትእዛዝ በታሪክ ይነገራል። አፌን ስከፍት ካየህ ነጥቧን ከፊደሉ በላይ፣ አፌን ስሰበስብ ካየህ ከፊደሉ ጎን፣ ዝቅ ሳደርግ ካየህ ከሥሩ አድርግ አሏቸው ይባላል። ፈትሓ መክፈት፣ ዶማ መሰብሰብ፣ ከስራ መስበር የሚለውን ትርጉም የያዙት በዚህ ምክንያት ነው። የተጅዊድ መምህራንም እስከ ዛሬ ፈትሓን በአፍ መከፈት፣ ዶማን በከንፈር መሰብሰብ፣ ከስራን የታችኛውን መንጋጋ ዝቅ በማድረግ ያስተምራሉ። ከዚያ በኋላም ኢብኑ ሲና የፊደላትን ድምፅ አፈጣጠር ብቻ የሚመለከት ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈው የማንቁርትንና የምላስን አሠራር ተንትነዋል። በ833 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢማም ኢብኑል ጀዘሪም የፊደላትን መውጫ 17 አድርገው አስተምረዋል። አፍን እያዩ ድምፅን መመርመር በእኛ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

መንጋጋ ሲዛነፍስ?

አሁን ወደ ደብዳቤው ጥያቄ እንምጣ። የመንጋጋ መዛነፍ በአንድ መልክ ብቻ አይታይም። የታችኛው መንጋጋ ወደ ኋላ የገባበት አለ። በተቃራኒው የታችኛው ወደ ፊት የወጣበት አለ። የኋላ ጥርሶች ገጥመው የፊቶቹ የማይገናኙበት አለ። ወደ አንድ ጎን የተጣመመም አለ። ሁለትና ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙም ይችላሉ። እያንዳንዱ በድምፅ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ የተለያየ ነው።

በመጀመሪያ አናባቢዎችን እንውሰድ። የታችኛው መንጋጋ ወደ ኋላ ሲገባ ምላስም አብሮ ወደ ጉሮሮ ይጠጋል። "ኢ" ለማለት ምላስ ወደ ፊትና ወደ ላይ መሄድ ስላለበት መንገዱ ይረዝምበታል። ሠራተኛው ካልደረሰ "ኢ" ጥራቱን አጥቶ ወደ "እ" ያዘነብላል። ከንፈሮች ያለ ችግር የማይገናኙ ከሆነ ደግሞ "ኡ" እና "ኦ" የሚፈልጉትን ክብ ቅርፅ ለማግኘት ትግል ይሆናል። የመንጋጋ መገጣጠሚያው የሚያም ከሆነና አፍ በደንብ የማይከፈት ከሆነ "ኣ" ይጠብና ወደ "ኧ" ይቀርባል።

ነገር ግን ከዚህ ላይ አንባቢያችን በሚገባ እንዲያጤኑልን የምንሻው ነገር አለ። አላህ ለሰው ልጅ የሰጠው ምላስ እጅግ ብልህ ሠራተኛ ነው። ንጹሕ እርሳስ በጎን ጥርስዎ ነክሰው ይዘው "ኢ፣ ኣ፣ ኡ" ይበሉ። መንጋጋዎ ታስሯል፤ ድምፆቹ ግን ይለያሉ። ምላስዎና ከንፈርዎ ሳይታዘዙ የጎደለውን ሞልተዋል። ሊንድብሎምና ባልደረቦቹ በ1979 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ተናጋሪዎችን በጥርሳቸው መካከል መንጋጋ የሚያግድ ነገር አስነክሰው ሲለኳቸው፣ ተናጋሪዎቹ ያለ ብዙ ልምምድ ወዲያውኑ ከተለመደው ጋር የተቀራረበ ፎርማንት ማውጣት ችለዋል። ለአንድ ደቂቃ የታሰረ መንጋጋ ይህን ካስቻለ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከተዛነፈ መንጋጋ ጋር ያደገ ምላስማ ምን ያህል መላ እንደሚያውቅ መገመት አያዳግትም። በመሆኑም መንጋጋቸው የተዛነፈ ብዙ ሰዎች አናባቢያቸው ለሰሚ ጆሮ እንከን የለበትም። ልዩነት ቢኖር እንኳ ከሰሚው ጆሮ ይልቅ በመሣሪያ የሚለካ ዓይነት ይሆናል። ድካሙ ግን አለ። ረዘም ላለ ጊዜ ሲያነቡ ቶሎ የሚታክታቸው፣ የመንጋጋ ጡንቻቸው የሚወጠርባቸው አሉ።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በተነባቢዎች ላይ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ "ስ"፣ "ዝ" እና "ሽ" ላይ ነው። የተጅዊድ ሊቃውንት ሷድ፣ ዛይና ሲንን "የሰፊር" ማለትም የፉጨት ፊደላት ይሏቸዋል። ስያሜው አሠራራቸውን በትክክል ይገልጻል። "ስ" ለማለት ምላስ ቀጭን ቦይ ይሠራል፤ አየሩ በዚያ ቦይ ተወርውሮ የፊት ጥርሶችን ጠርዝ ይመታል፣ ያፏጫል። የዚህ ፉጨት ዋናው ኃይል በአብዛኛው ከ4000 ኸርዝ በላይ ነው። በቀድሞው የስልክ መስመር ይህን ያህል የቀጠነ ድምፅ አያልፍም ነበርና "ስ" እና "ፍ" ይምታቱብን እንደነበር የምናስታውስ ብዙዎች ነን። ለዚህ ፊደል መንጋጋ ከፍ ብሎ የላይና የታች ጥርሶች ሊነካኩ ጥቂት ሲቀራቸው መቆም አለባቸው። ለ"ኣ" መንጋጋ ትንሽ ቢሳሳት ምላስ ያስተካክለዋል። ለ"ስ" ግን የሚመታው ጥርስ በቦታው ከሌለ ምላስ ብቻውን ሊሠራ የሚችለው ነገር ጥቂት ነው።

የደሴዋ ልጅ ያጋጠማትም ይኸው ነው። የፊት ጥርሶቿ ስለማይገናኙ ምላሷ ክፍተቱን ሊዘጋ ይወጣል። ምላስ በጥርሶች መካከል ሲወጣ ደግሞ የሚሰማው ሲን ሳይሆን በምላስ ጫፍና በጥርስ ጠርዝ መካከል የምትወጣው ሳእ ናት። ልብ በሉ! ብዙ አበሻ ልጆች ሳእንና ዛልን በትክክል ለማውጣት ወራት ይፈጅባቸዋል፣ አማርኛችን ውስጥ የሉምና። ይህች ልጅ ግን ያለ ድካም ታወጣቸዋለች። መምህሯ በሲን ከመቆጣታቸው በፊት በሳእ አመስግነዋት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ሌሎችም ምልክቶች አሉ። መንጋጋው ወደ ኋላ የገባ ሰው "ብ" እና "ም" ሲል ሁለቱን ከንፈሮች ከማገናኘት ይልቅ የታችኛውን ከንፈር ከላይኛው ጥርስ ጋር ያገናኛል። መንጋጋው ወደ ፊት የወጣ ሰው ደግሞ "ፍ"ን በላይኛው ከንፈርና በታችኛው ጥርስ ያወጣል። ድምፁ ለጆሮ ሊቀራረብ ይችላል፣ ዓይን ግን ይለየዋል።

ይህን ጉዳይ ከሺህ ዓመት በፊት ያስተዋለ ሰው ነበር። በ255 ዓመተ ሒጅራ ያረፈው የበስራው ጸሐፊ አል-ጃሒዝ ስለ ንግግር በጻፈው "አል-በያን ወት-ተብዪን" በተሰኘው መጽሐፉ፣ ጥርሱ በሙሉ የረገፈ ሰው አብዛኛው ረግፎ የቀረው ግማሽ ከሌላው ግማሽ ጋር ከማይገጥምለት ሰው ይልቅ ፊደላትን አጥርቶ ሊናገር እንደሚችል ገልጿል። ከመጉደል ይልቅ አለመግጠም እንደሚብስ ማስተዋሉ ነው። አባባሉ ዛሬ ሐኪሞች ከሚያዩት ጋር የሚጣጣም ነው።

ሁሉም ጥፋት የመንጋጋ አይደለም

ልጅ ፊደል ሲያበላሽ ሁሉ መንጋጋውን መውቀስም ስሕተት ነው። የፊት የወተት ጥርሶች የሚወልቁት በ6 እና በ7 ዓመት አካባቢ ስለሆነ በዚያ ጊዜ የሚበላሽ "ስ" አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ ጥርስ ሲበቅል ይስተካከላል። ሁለተኛ፣ በደንብ የማይሰማ ልጅ በደንብ ሊናገር አይችልም። በተለይ ቀጫጭኖቹ የፉጨት ፊደላት ያመልጡታል። ጆሮው ደጋግሞ የሚመግል ልጅ ካለ አስቀድሞ መስማቱ ይመርመር። ሦስተኛ፣ ድምፁ በአፍንጫ የሚወጣ ልጅ ችግሩ ከላንቃው ሊሆን ይችላል። አራተኛ፣ የጎረነነና ለሳምንታት ያልተሻለው ድምፅ ከድምፅ አውታር የሚመጣ ነውና የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሊያየው ይገባል። መንጋጋ ድምፅን አያጎረንንም።

ወላጆች ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጥርስ እንነካለን ብለን ነገር እንዳናባብስ እንጠንቀቅ። በአገራችን በአንዳንድ አካባቢዎች የሕፃናትን የወተት ጥርስ ገና ከድድ ሳይወጣ "ግግ ነው" እያሉ ማስወጣት፣ እንጥልም ማስቆረጥ የቆየ ልማድ ነው። የመጀመሪያው ከሥር የሚመጣውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል። ሁለተኛው ንግግርን አያስተካክልም፣ ይልቁንም ደም ለማፍሰስና ለመመረዝ ያጋልጣል። ሁለቱም በልጆች ላይ ሞት ያስከተሉበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛ፣ መንጋጋን ወደ መዛነፍ የሚገፉ ልማዶችን እንከታተል። ብዙው በዘር የሚመጣ ቢሆንም ከ3 እና ከ4 ዓመት በኋላ ጣት መጥባት የፊት ጥርሶችን ይከፍታል። ሌሊት አፉን ከፍቶ የሚተኛና የሚያንኮራፋ ልጅ የአፍንጫው መንገድ የተዘጋ ሊሆን ይችላልና ይመርመር። ከመውለቂያ ጊዜያቸው በፊት በትል የሚበላሹ የወተት ጥርሶችም ቦታቸውን ስለሚያስነጥቁ "ይወልቅ የለም ወይ" ተብለው ችላ ሊባሉ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ጊዜ ዋጋ አለው። የጥርስ አሰላለፍ ሐኪሞች ልጆች በ7 ዓመታቸው አካባቢ አንድ ጊዜ እንዲታዩ ይመክራሉ። ይህ ማለት በዚያ ዕድሜ ሽቦ ይታሰራል ማለት አይደለም። ነገር ግን መንጋጋ በማደግ ላይ ሳለ እድገቱን መምራት ይቻላል። እድገት ካበቃ በኋላ ከባድ የመንጋጋ መዛነፍ የሚስተካከለው አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው። ሕክምናው ጊዜ የሚወስድና ወጪው ለብዙ ቤተሰብ ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። ቢሆንም ቢያንስ አንድ ጊዜ አሳይቶ ምን ዓይነት መዛነፍ እንደሆነና ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል ማወቅ ከጨለማ ያወጣል። ሽቦ የታሰረለት ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት "ስ" ይበልጥ ሊበላሽበት እንደሚችልም ማወቅ ደግ ነው፣ ምላስ ሲላመድ ያልፋል። ጥርስ ከተስተካከለ በኋላም የቆየው የምላስ ልማድ በራሱ ላይለቅ ይችላል። ያን ጊዜ ልምምድ ያስፈልጋል።

ለመምህራን

የተከበራችሁ ኡስታዞች፣ የእናንተ ጆሮ ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል። ልጅ ሲሳሳት ግን ከጆሮ በተጨማሪ ዓይናችሁንም ተጠቀሙ። ጥርሱን ነክሶ እንዲያሳያችሁ በለዘበ ቃል ጠይቁት። የፊት ጥርሶቹ የማይገናኙ ከሆነ ሃያ ጊዜ ማስደጋገም ጥርሱን አያገናኝም። ያኔ የሚጠቅመው ለብቻው አድርጎ የምላሱን ጫፍ ከታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ አሳርፎ አየሩን በመሐል እንዲለቅ ማለማመድ ነው። መስታወት መያዝም ይረዳል። ፍጹም ባይሆንም ብዙዎች በዚህ መንገድ ይሻላቸዋል። መንጋጋውን አጥብቆ የሚይዝ ልጅ ካለም ከመቅራቱ በፊት አገጩን ለቀቅ፣ ትከሻውን ዝቅ እንዲያደርግ ይነገረው። በፍርሃት የተነከሰ መንጋጋ ጤነኛውንም አናባቢ ያጠብበዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል እናርም። ቢላል (ረ.ዐ.) "ሺን"ን "ሲን" ይሉ ነበር እየተባለ ልጆችን ለማጽናናት ይነገራል። የሐዲስ ሊቃውንት ግን ይህ መሠረት የሌለው ወሬ መሆኑን ገልጸዋል። የአዛኑ ባለቤት በድምፃቸው ማማር የተመሰከረላቸው ናቸው። ልጆቻችንን ለማጽናናት ያልተረጋገጠ ወሬ አያስፈልገንም፤ የተረጋገጠው ይበቃናል። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታላቸው ጌታቸውን መለመናቸውን፣ ወንድማቸው ሃሩን ከእርሳቸው ይበልጥ አንደበተ ርቱዕ እንደነበሩ መመስከራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። መልእክቱ ግን የተሰጠው ለሙሳ ነው። ቁርኣንን እየከበደውና እየተደናቀፈ የሚቀራ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማብሠራቸውም በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ የጸና ነው። ሊቃውንትም ችሎ ቸል ያለውን ተፈጥሮው ከከለከለው ለይተው ያያሉ። ዝርዝሩን የሚሻ ወደ አካባቢው ዑለማእ ይጠጋ።

ወደ ደሴዋ እናት እንመለስና እናብቃ። እኅታችን፣ የጠየቁን ሁለት ነገር ነው። የተበላሸው ድምጿ ነው ወይስ አፏ ላሉት፣ ድምጿ ጤነኛ ነው። አናባቢዋም ቢሆን ምላሷ ሲጠብቅላት ኖሯል። የሚያስቸግራት ጥርሷ ያልገጠመላቸው ጥቂት ፊደላት ናቸው። መድኃኒት አለው ወይ ላሉት፣ ዕድሜዋ ገና ነውና ሳይረፍድ የጥርስ ሐኪም ያሳዩአት። መስማቷንም በዚያው ያስመርምሩ። መምህሯንም ብቻቸውን አግኝተው፣ ያለ ቁጣ፣ ይህን ገጽ ያሳዩአቸው። ያላወቁትን ነው እንጂ ክፋት አስበው እንዳልሆነ እንገምታለን።

ሐኪም እስኪገኝ ድረስ ግን ሊዘገይ የማይገባው ነገር አለ። ዛሬ ማታ ወጥ ሲሠሩ ልጅዎን ከጎንዎ ያስቀምጡና የምትወደውን አጭር ሱራ ከፍ ባለ ድምፅ እንድትቀራልዎ ይጠይቋት። ሲን ላይ ስትደርስ አያርሟት። እስክትጨርስ ያዳምጡና አመስግኗት። ያልገጠመ ጥርስ ቆይቶም ቢሆን በሐኪም እጅ ይስተካከላል። ዝም ማለት የለመደ ልጅን ለማናገር ግን ከእናቱ ጆሮ የተሻለ መድኃኒት አናውቅም።

በሚቀጥለው ወር ዓምዳችን እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።